ለጓሮዋ ቤት የመጣው ተከራይና ዋሱ

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ ለእትዬ ሙሉመቤት ወርቁ፣ ናዝሬት።

እንደምን ከረምሽ? ወገብሽን ተሻለሽ ወይ? ልጆቹስ በርትተዋል? እኛ ጌታ ይመስገን፣ ከናፍቆታችሁ በቀር ጤነኞች ነን። አባባስ እንዴት ነው? ከሁሉ በፊት ይህን መልሽልኝ። ደብዳቤዬን በእጅ የሚያደርስልሽ ታማኝ ሰው ስላገኘሁ የልቤን እጽፍልሻለሁ።

እዚህ ናይሮቢ ቤት መግዛታችንን ነግሬሻለሁ። ከጓሮ ያለችውን ሰርቪስ ቤት ልናከራይ ብንነሳ፣ ባለቤቴ ታመነ ለደላላ እንስጠው አለ። ደላላ ያመጣውን ሁሉ ግቢዬ ላስገባ እንዴ! ራሴ እመርጣለሁ ብዬ ለጎረቤቱም ለቤተ ክርስቲያኑም አስወራሁ። ለሚመጣው ሁሉ ጥያቄዬ አንድ ነው፤ ዋስ አለህ ወይ? የዚህ አገር ሰዎች ሳቁብኝ። ዋስ ማለት ተከራዩ ቢጠፋ በሱ ፋንታ የሚያዝ ሰው ነው ብዬ ባስረዳት፣ አንዲት ነርስ፣ ማማ፣ ዲፖዚት፣ የመያዣ ገንዘብ ውሰጂ እንጂ ሰው በሰው ጥፋት እንዴት ይያዛል ብላኝ ሄደች። የኛዎቹ ስደተኞች ደግሞ አንገታቸውን ደፍተው ይመለሳሉ፤ ዋስ ከየት ያምጡ? ታመነ ተቆጣኝ። እኔ ግን ድርቅ አልኩ።

የዛሬ ሁለት ሳምንት እሑድ ዘርይሁን የሚባል አንድ ከሲታ ሰው መጣ። ከናዝሬት ነኝ ሲለኝ ደስ አለኝ፤ የማን ልጅ እንደሆንኩ ግን አልነገርኩትም። እንደ ልማዴ ዋስ አልኩት። አንድ ዋስ ነበሩኝ፣ እሳቸውንም ጉድ ሠርቼ መጣሁ አለኝ። ከጸሎት ላይ ተይዞ ቀበሌ ታስሮ ሳለ፣ አንድ ሽማግሌ ከከተማ አይወጣም ብለው ፈርመው አስፈቱት። ዳግመኛ ሊይዙት መሆኑን ሲሰማ በሞያሌ አመለጠ። ማን ናቸው ብዬ ብጠይቀው፣ ልብስ ሰፊው አቶ ወርቁ አለኝ።

እትዬ፣ የኛው አባባ ነው! ሰውየው ከናዝሬት የወጣው ከፋሲካ በኋላ ነው። አባባም ከደብዳቤሽ ግርጌ አንዲት መስመር መጻፉን የተወው ከዚያ ወዲህ ነው። አንቺ ሁልጊዜ ደህና ነው ትይኛለሽ።

ውጣልኝ ልለው ምንም አልቀረኝም ነበር። አባቴን ለመከራ ጥሎ እኔ ጓሮ ሊተኛ! ግን አባባ አይቶት፣ አምኖት ነው የፈረመለት። አባባ ዋስ የሆነለትን ሰው እኔ ሌላ ምን ዋስ እጠይቀዋለሁ? ቁልፉን ሰጠሁት። የማን ልጅ መሆኔን ስነግረው ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። ይቅር ብዬዋለሁ ብዬ አልዋሽሽም፤ ጠዋት ደህና አደሩ ሲለኝ ፊቴን አዞራለሁ። እንዳልጨነቅ ብለሽ ደብቀሽኝ ከሆነ፣ ጭንቀቱስ አሁን ነው። እውነቱን ጻፊልኝ።

የእማማን ጉልበት ሳሚልኝ። ጋሼ ካሣሁንን ሰላም በይልኝ፤ ልጆቹን ሠርክንና እታገኘሁን አገላብጠሽ ሳሚልኝ። አባባ ቤት ካለ አንዲት መስመር ይጻፍልኝ። ስንቅ የምታመላልሺለት ከሆነ ግን ሰላምታዬን ከስንቁ ጋር አድርሺልኝ፤ የፈረምክለት ሰው በሰላም ገብቷል፣ በልጅህ ጓሮ ይኖራል በይው።

እህትሽ ጽጌ ወርቁ
ናይሮቢ፣ ሳውዝ ሲ
ኅዳር ፲፪ ቀን ፲፱፻፸፬ ዓ.ም.