የአዴ ኸይሪያ ስም ስንት ያወጣል?

ለክቡር ኦቦ ጋሮማ ባይሳ፣
የመንገድ ማስፋፊያ ካሣ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣
ነቀምቴ

ይህች ደብዳቤ እርስዎን በሙሉ ጤና፣ ቢሮዎንም ከነጣሪያው እንድታገኝልኝ ምኞቴ ነው።

እኔ ዱረቲ ተረፋ የንግድ ቤቶችን ዋጋ እገምታለሁ፤ በተለይም በእጅ የማይዳሰሰውን፣ መልካም ስምን፣ የደንበኛ እምነትን፣ የሙያ ምስጢርን። አዴ ኸይሪያ የበርበሬ ወፍጮ ቤታቸው ለመንገዱ እንደሚፈርስ በተነገራቸው ማግስት መጥተው፣ «ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ቆርቆሮውን ለክተው ሄዱ፤ እኔን የሚለካ የለም ወይ?» አሉኝ።

ሦስት ሳምንት በራቸው ላይ ተቀምጬ አየሁ። ከቢላና ከአንገር ጉቲን የሚመጡ ሾፌሮች ባለቤቱ ያልተከተለውን ጆንያ አራግፈው ይሄዳሉ። የማን ቤት ኮረሪማ እንደሚያበዛ፣ የማን ቤት ልጅ ጨጓራ እንደሚያመው አዴ ኸይሪያ በቃላቸው ያውቃሉ፤ ቅመሙን እንደየቤቱ ልማድ መጥነው ያስፈጫሉ። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ «ጎደለብኝ» ያለ አንድ ሰው ፈልጌ አጣሁ። ይህንን ሁሉ በአርባ ገጽ ዘገባ አቀረብሁ።

ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

፩. ዘገባዬን አንድም ገጽ ሳይገልጡ፣ ንጽሕናው እንደተጠበቀ ስለመለሱልኝ አመሰግናለሁ።

፪. በስብሰባው ላይ «ስም የት አለ? አምጡትና በሜትር እንለካው» ብለው ኮሚቴውን ስላሳቁት አመሰግናለሁ። አዴ ኸይሪያም አብረው ሳቁ። ከዚያ ሻሻቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አድርገው እስክንወጣ ድረስ ቀና አላሉም።

፫. ከከተማው ዳር፣ መኪና ከማይደርስበት፣ መብራትም ካልገባበት ስፍራ ለወፍጮ የሚሆን ምትክ ቦታ ስለመረጡላቸው ምስጋናዬ ወሰን የለውም። በስድስት ወር ውስጥ ወደዚያ የመጣ ደንበኛ ሁለት ሰው ነው፤ አንደኛው መንገድ ጠፍቶት ነበር።

ጥቅምት ላይ ወፍጮውን ለአንድ የአኖ ከተማ ሰው ሸጡ። ወልቂጤ እህታቸው ዘንድ ሊሄዱ መናኸሪያ ስሸኛቸው፣ በአውቶቡሱ መስኮት እጄን ይዘው፣ «አንቺ እንኳን ገምተሽኛል፤ እሱ ይበቃኛል» አሉኝ። እንዳልበቃቸው ከፊታቸው አየሁ። እኔም ሙያዬ ለአንዲት ሴት እንኳ እንዳልጠቀመ እያሰብሁ በእግሬ ወደ ቤቴ ተመለስሁ። ይግባኝ እንዳልል፣ ይግባኝ ሰሚውም እርስዎ ነዎት።

የማይታየውን በመገመት የምትኖር፣ የሚታየውን በማፍረስ ለሚተጉት ለእርስዎም ዝቅ ብላ እጅ የምትነሣ፣

ዱረቲ ተረፋ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለፈው ሰኞ ከቤትዎ አንዲት ሴት ተልካ መጥታ ለልጅዎ ሠርግ በርበሬ እንዲያዘጋጁ አዴ ኸይሪያን የት እንደምታገኛቸው ጠየቀችኝ። ሌላ ወፍጮ ቤት የተፈጨውን ባለቤትዎ ቀምሰው መልሰውታል አሉ። ለሠርጉ እንኳን ደስ አለዎት። አዴ ኸይሪያ ግን ስልካቸውን ዘግተዋል።