እጆችህን ሳጎላ

ዘለቀ፣ የልቤ ሰው፣

ሞት ከለየን ሁለተኛው ፋሲካ ሊደርስ ነው። ቤቱ ደህና ነው፤ እኔ ግን መቀመጥ አቅቶኛል። እቀመጣለሁ፣ እነሳለሁ፣ በር ከፍቼ ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወርደውን ሰው አይቼ እመለሳለሁ።

ለልጃችን ለምሕረት ሠርግ የጀመርከው ነጠላ አሁንም እንደተወጠረ ነው። የቀረው የአንዱ ጫፍ ጥበብ ብቻ ነው። ወንድምህ ለሌላ ሸማኔ እንስጠው ሲል እምቢ አልኩ። ሴት የሸማኔ ጉድጓድ ገብታ አታውቅም ብሎ ሳቀብኝ። ክሩን የፈተልኩት እኔ ነኝ ብዬ ገባሁ። ግን አልሆነልኝም። ያለቀውን ጫፍ ባየውም የትኛውን ክር አስቀድመህ እንደምታነሳ አይነግረኝም። ሠርቼ ፈታሁት፣ ደግሜም ፈታሁት።

አንድ እንግዳ ስትሠራ ቀርጾህ ኢንተርኔት ላይ የጫነውን ቪዲዮ ምሕረት አገኘችልኝ። ቪዲዮው ስክሪኑን እንዲሞላ ብታደርገውም እጆችህ ለዓይኔ ሩቅ ነበሩ። ኮምፒውተሩ የራሱ ማጉያ አለው አለችኝ። የመስኮት ምልክት ያለባትን ቁልፍ ይዤ የመደመር ምልክቷን ስጫን ሁሉም ነገር ቀረበ። ምስሉ ማውሱን እየተከተለ ይሄዳል፤ እጄ ትንሽ ካለፈ ካንተ ተነስቼ ግድግዳው ላይ እገኛለሁ።

ወደ እጆችህ ቶሎ ወረድኩ።

«እማዬ፣ የአባዬን ፊት እኮ ዘለልሽው» አለችኝ።

ማውሱን ከእጆችህ አላነሳሁም። ፊትህን ካየሁ ሌላ ነገር ማየት እንደማልችል አውቃለሁ።

ትዝ ይልሃል፣ አጠገብህ ቁጭ ብዬ ስፈትል ቀና ካልሽ ክሩ ይበጠስብሻል እያልክ ታሾፍብኝ ነበር። እኔም አንገቴን ደፍቼ እፈትላለሁ። ለካ በግራ አውራ ጣትህ ሁለት ክር ትይዝና በቀኝህ ሦስተኛውን ታነሳለህ። ያን ሁሉ ዘመን አላየሁትም።

ትናንት የጥበቡ የመጀመሪያው መስቀል ተስተካክሎ ወጣ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ተነስቼ ደጅ ወጣሁ፣ ተመለስኩ፣ ደግሞ ነካሁት። ሠርጉ ሳይደርስ ባያልቅስ እያልኩ እንቅልፍ የለኝም።

ነጠላው ከምሕረት ትከሻ ላይ ያረፈ ቀን ማውሱን ወደ ላይ እገፋለሁ። ፊትህ ስክሪኑን እስኪሞላው አጎላዋለሁ፣ ቀና ብዬም አይሃለሁ። እስከዚያ ፊትህን ባላየው የረሳሁህ እንዳይመስልህ።

ፈታይህ አስካለ