ድስቱ ዝም ሲል

ብርቄ፣ ካለሽበት ሰላምታዬ ይድረስሽ።

ሰባ ስምንት ዓመቴ ነው። ሸሚዜን ራሴ አጥባለሁ፣ ከሰል ራሴ አያይዛለሁ፣ ቦዳ ሞተር ላይም ያለ ሰው ድጋፍ እወጣለሁ፤ አወራረዴን ግን አትጠይቂኝ። ልጃችን ሰናይት "አባዬ፣ አንተ ንገረኝና እኔ በስልክ ልጻፍልህ" ብላኝ ነበር። ለሚስቴ በሰው እጅ አልጽፍም አልኳት። ፊደሌ ቢጣመምም የለመድሽው ነው።

ከተለየሽኝ ዓመት ከመንፈቅ ሆነ። ሰው ከደጁ እንዳይወጣ በተከለከለበት ሰሞን ነበርና ጥቂት ሆነን ቀበርንሽ። ድንኳን አልተጣለልሽም፤ ያለቀስንልሽም አፋችንን ሸፍነን ነው። አሁን ሁሉም ተከፍቷል። የጎረቤት ልጆች ትምህርት ቤት ተመልሰዋል፣ በስደት የኖርንበት ሰፈራችን ኪሰንዪም እንደ ድሮው መተላለፊያ የለውም። ያልተከፈተው የኛ ቤት ነው። ሰናይት ሙንዮንዮ ሆቴል ሥራ አግኝታ እዚያው ትኖራለች፤ የምትመጣው እሁድ እሁድ ነው። በመሃል ከማን ጋር አወራለሁ? አልጋው ላይ እስከ ዛሬ በግድግዳው በኩል አልተኛም። ያንቺ ቦታ ነው።

የማርያም ማህበራችን እንደገና መሰብሰብ ሲጀምር ተራችን ደረሰ። ሴቶቹ መጥተው "ጋሽ ደምሴ፣ ዘንድሮ ይለፍዎ፤ ዳቦውን እኛ ከሱቅ ገዝተን እናቀርባለን" አሉኝ። በቅንነት እንደሆነ አውቃለሁ። ለኔ ግን ብርቄ የለችምና ቤቱም የለም ያሉኝ መሰለኝ። ተራው የብርቄ ነው፣ አያልፍም፣ እንደ ሁልጊዜው ህብስት ይቀርባል አልኳቸው። ማን ሊሠራው? ቢሉኝ፣ "እኔ!" አልኩ። አንዷ ነጠላዋን ወደ አፏ ስባ ሳቀች። አይቻታለሁ።

ደሞ ምን አውቄ! አንቺ ስትሠሪ ከወጥ ቤት ታባርሪኝ ነበር። የማውቀው በልጅነቴ ያየሁትን የእናቴን ነው። ፉርሽካው ያልወጣለት ቡናማ የስንዴ ዱቄት፣ ሊጡን የሚጠቀልል ቅጠል፣ ድስቱ ውስጥ የእንጨት ርብራብ፣ ከርብራቡ ሥር ውሃ፣ ውሃው ውስጥ ጠጠር። ውሃው እየፈላ ሳለ ጠጠሯ ትንኳኳለች፤ ዝም ካለች ውሃው አልቋል ማለት ነው። አንቺ እንፋሎቱን አሽትተሽ ታውቂ ስለነበር "የእናትህ ድስት ካልጮኸ አያበስልም" እያልሽ ትስቂብኝ ነበር።

ዱቄቱን፣ አታ የሚሉትን፣ ከህንዶቹ ሱቅ ገዛሁ። ቅጠሉን ግድግዳ የምንጋራት፣ "ጃጃ" እያለች እንደ አያቷ የምታየኝ ማማ ናካቶ፣ ማቶኬ የሚሉትን ሙዝ ስትቀቅል ከምትሸፍንበት ሰጠችኝ። ሊጡ ኩፍ ሲል ጠቅልዬ ከሰሉ ላይ ጣድኩና ጠጠሯን ለመስማት አጠገቡ ተቀመጥኩ። ምንም የለም። ክዳኑን ከፍቼ በርብራቡ ቀዳዳ ሳይ ውሃው ይፈላል፣ ጠጠሯም ትዘላለች። ትንሽ ሆና ነው እንጂ ብዬ መልሼ ከደንኩ። እዚያው ሸለብ አደረገኝ። ያነቃኝ የማማ ናካቶ ጩኸት ነው። ጭሱን አይታ በጀሪካን ውሃ ይዛ ገብታለች። "ጃጃ፣ ቤቱን ጨምረህ ልትጠብሰው ነው?" አለችኝ። ህብስቱ ከሥሩ ከሰል ሆኗል።

ብርቄ፣ ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ ጆሮዬ ከሄደ ቆይቷል። በር ሲንኳኳ "ሰው መጣ"፣ ሰማዩ ሲያጉረመርም "ልብሱን አስገባ" የምትይኝ አንቺ ነበርሽ። በደንብ የምሰማ ይመስለኝ የነበረው ባንቺ ነው። ያን ቀን ምሳም እራትም አልበላሁም።

ጠጠር ካልተሰማኝ የሚሰማኝን አመጣለሁ ብዬ ካትዌ፣ ድሮ ወደምሠራበት የብረት ሰፈር ሄድኩ። ከኩሽኔታ ውስጥ የወጣ አንድ ወፍራም የብረት ኳስ መርጬ መጣሁ። ቅባቱ እስኪለቅ በአመድ ፈትጌ ቀቀልኩትና ድስቱ ውስጥ ጣልኩት። እንዴት ያለ ጩኸት መሰለሽ! እኔ እንኳ ሰማሁት፤ ግቢው ሁሉ ሰማው። ማማ ናካቶ በመስኮት "ጃጃ፣ ማንን አስረህ ነው የሚያንኳኳው?" ትለኛለች። እኔ ደሞ ኳሱን ሳዳምጥ አንቺን ማሰብ ያዝኩና፣ ኳሱ ዝም ማለቱን ልብ አላልኩም። ማማ ናካቶ ግድግዳውን ደበደበችው፤ "ጃጃ! ድስትህ ዝም አለ!" ቶሎ ብዬ ውሃ ጨመርኩ።

ህብስቱ ቡናማ ሆኖ፣ የቅጠሉ ጅማት ጀርባው ላይ ታትሞ ወጣ። ልክ የእናቴን መሰለ። ያንቺን ያህል አልለሰለሰም፤ አልዋሽሽም። ማህበር ላይ ቄሱ ባርከው ሲቆርሱት ስምሽን ጠሩ። ያቺ የሳቀችብኝ ሴትዮ "ለልጆቼ" ብላ ሁለተኛ ቁራሽ ወሰደች።

ከዚያ ቤት ገባሁ። ቤቱ እንደነበረ ነው። አንዳንድ ቀን፣ ጭር ሲልብኝ፣ ሊጥም ሳይኖረኝ ውሃውንና ኳሱን ብቻ እጥዳለሁ። ቤት ውስጥ ሰው ያለ ይመስላል።

ያለብኝን ዕዳ ልንገርሽ። ለማማ ናካቶ የቅጠሏን ውለታ በትኩስ ህብስት እመልሳለሁ። ያሳረርኩትን ድስትሽን ፈትጌ እንደነበረ አደርገዋለሁ። መቃብርሽ ላይ ያልተጣለልሽን ድንኳን የሚያስረሳ ጥላ ያለው ዛፍ እተክላለሁ። አልረሳሽም፤ በህይወት እስካለሁ ተራሽ ሲደርስ ህብስቱ በስምሽ ይቀርባል። ይህን ሁሉ እኔው ራሴ እወጣዋለሁ፣ ማንም እንዲያግዘኝ አልፈልግም።

ድስቱ ዝም ሲል ግን፣ ማማ ናካቶ ግድግዳውን ታንኳኳልኝ።

ያንቺው ነኝ የምልሽ
ደምሴ