ልጣጭ ሰብሳቢው ሰውዬ

ጥር 5

ዛሬም እራት ከጓሮ። ድንች፣ ካሮት፣ ጎመን። ከሱቅ የመጣው ዘይቱና ጨው ብቻ ነው። ባሌ ሰሃኑን እያየ «አለቃዬ፣ ይሄን ማን አመጣው?» አለኝ። «አንተ ነህ» አልኩት። ሁሌም እንዲህ ነው፤ ካላመሰገንኩት ማንኪያ አያነሳም። ማተሚያ ቤቱ ተዘግቶ ከሥራ ከወጣ ወዲህ መሥሪያ ቤቱ ጓሮው ሆኗል። ጠዋት ከእኔ እኩል ተነስቶ፣ ጫማውን አጥልቆ ይወጣል። እኔ ወደ መዝገብ ቤቴ፣ እሱ ወደ ጎመኑ።

ትንሿ ልጃችን ካሮቱን እየለቀመች ከሰሃኑ ጠርዝ ደረደረችው። «የሱቁ ነው የሚጣፍጠኝ» አለች። አባቷ ሳቀ። እኔ ግን... እኔም እኮ አንዳንዴ እንደሷ ያምረኛል። አፍ አውጥቼ አልልም እንጂ።

ጥር 9

ልጣጭ! የሰፈሩን በር ሁሉ እያንኳኳ ልጣጭ ይለምናል። «አልለምንም፣ እሰበስባለሁ» ይለኛል። በዚያ ሰማያዊ ባልዲ። የሽንኩርት፣ የድንች፣ የሙዝ ልጣጭ፣ የእንቁላል ቅርፊት... ጓሮ ጉድጓድ ቆፍሮ ከቅጠልና ከአመድ ጋር ይቀብረዋል። ሲበሰብስ አፈሩ ላይ ይበትነዋል። አፈራችን ድንጋይ ነበር፤ አሁን ጣት ያስገባል። እሱን አልክድም። ግን የሰው በር ማንኳኳት ምን የሚሉት ነው?

ፊት ለፊታችን ያለችው ልብስ ሰፊ ዛሬ በመስኮቷ ብቅ ብላ «ባልሽ አልፏል እንዴ? ልጣጬን አስቀምጬለት ነበር» አለችኝ። እየሳቀች። የሰማሁ ሳልመስል ሹልክ አልኩ።

ይሄ ሰው እኮ ሸሚዙ ላይ አንዲት ጠብታ ቀለም ካየ ቀኑን ሙሉ ሲነጫነጭ የሚውል ሰው ነበር።

ጥር 14

ለገንዘብ ያዧ ቆስጣ ይዤላት ሄድኩ። ቢሮ ውስጥ ከሷ የምቀርበው ሰው የለም። «ወይ ጉድ! የራሳችሁ ነው? ማን ነው የሚተክልላችሁ?» አለች።

«ሰው አለን» አልኩ።

ሰው አለን! ምን ማለት ነው? ውሸት ነው? ባሌስ ሰው አይደለም እንዴ? እሷ የምታውቀው ባሌ የማተሚያ ቤት ኃላፊ ነው። መዘጋቱን አልነገርኳትም። ለማንም አልነገርኩም። ዛሬ ነገ ስል ይኸው...

ጥር 20

ምን ነካኝ?

ከገንዘብ ያዧ ጋር ምሳ በልተን ከካፌው ስንወጣ፣ ባሌ። የቢሯችን ግቢ ውስጥ! ባልዲውን ይዞ ካፌው ወጥ ቤት በር ላይ ቆሟል። ምግብ ሠሪዋ ልጣጭና ያለቀለት የሻይ ቅጠል ትገለብጥለታለች። ትናንት «የቢሯችሁ ካፌ ብዙ ልጣጭ ሳይኖረው አይቀርም» ሲለኝ ስልኬን እያየሁ «እህ» ብዬዋለሁ። እሱ ፈቃድ መስሎታል። ሲያየኝ ፊቱ በራ። እጁን ማንሳት ጀመረ...

«ማነው ሰውዬው? የሚያውቅሽ ይመስላል» አለችኝ ገንዘብ ያዧ።

«እኔ እንጃ። ቆሻሻ የሚሰበስብ ነው መሰለኝ።»

እንዲህ ነው ያልኩት። ድምፄን እንኳ ዝቅ አላደረግኩም።

ያነሳት እጁ ተመልሳ ባልዲው ላይ አረፈች። ምግብ ሠሪዋን አመስግኖ ወጣ። አፈር ብበላ ይሻለኝ ነበር።

ጥር 21

እራት አቀረበ። «ማን አመጣው?» የለ፣ «አለቃዬ» የለ። «ጨው ካነሰው ጨምሪ» ብቻ። አላነሰውም።

ይቅርታ ልበለው? ከምን ልጀምር? «ሰምተሃል?» ልበል? ምናልባት አልሰማ ይሆናል...

ሰምቷል። እኔንስ ማታለል ምን ይባላል?

ጥር 27

የባሰ መጣ።

ጠዋት ገንዘብ ያዧ ጠረጴዛዬ ላይ ደገፍ ብላ «ያ ልጣጭ የሚሰበስበው ሰውዬ፣ አሁን ጠዋት ጠዋት ነው የሚመጣው፣ እንዴት እንዳሳዘነኝ! የባሌን አሮጌ ኮት ሰጠሁት። ጨዋነቱን ብታይ! በሁለት እጁ ተቀብሎ አመሰገነኝ» አለች። እኔ ደግሞ «ጎሽ፣ ደግ አደረግሽ» አልኳት።

ለካ መምጣቱን አልተወም። አፈሩ ልጣጭ ይፈልጋል። ሰዓቱን ብቻ ነው የቀየረው። የምሳውን ትቶ ጠዋት፣ እኔ መዝገብ ቤት ውስጥ በሬን ዘግቼ ስቀመጥ። እንዳላፍር።

ቤት ስገባ ኮቱ የጓሮው በር ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። ግራጫ፣ ክርኑ የሳሳ፣ ከቁልፎቹ አንዱ ቡናማ።

«ለምን ተቀበልክ?» ብዬ ጮህኩበት። እኔው ደግሞ ጯኺ!

«እምቢ ብላት ለምን ትለኝ የለ? ምን ብዬ ልመልስላት ነበር? የማን ባል ነኝ ልበላት?»

ካሮቱን ማጠቡን ቀጠለ። ቢሰድበኝ እኮ ይቀለኝ ነበር።

የካቲት 3

ገንዘብ ያዧ ቅዳሜ ቤቴ ልትመጣ ነው። ጓሮውን ለማየት። ቆስጣውን ስንት ጊዜ ወስጄላት አትምጪ እንዴት ልበላት? አፌ ነው ጠላቴ።

ለባሌ ነገርኩት። ትንሽ አሰብ አደረገና «እንግዲያው ቅዳሜ ወንድሜ ቤት እውላለሁ» አለ።

«ለምን?»

«ታውቀኛለቻ።» አልተቆጣም። ስለ ዝናብ የሚያወራ ነው የሚመስለው። «ሰላጣውን ከዳር ከዳር ቅጠፊላት። መሃሉን ከነካሽው አያድግም።»

«አትሂድ» ለማለት አፌን ከፈትኩ። ከፈትኩና... «እሺ» አልኩ። እሺ! ሰውዬውን ከገዛ ቤቱ፣ ከገዛ አፈሩ አስወጣሁት።

የካቲት 7

ጠዋት አትክልቱን በሙሉ አጠጣ። ከዚያ የተተኮሰ ሸሚዙን ለብሶ ወጣ። ልጃችን «አባዬ፣ እንግዳ እየመጣ የት ትሄዳለህ?» ስትለው ጭንቅላቷን ዳበስ አደረጋት። እኔን አላየኝም።

ገንዘብ ያዧ መጣች። አፏን ይዛ ቀረች። ለሁለት በተቆረጠ ጀሪካን የበቀለውን ሽንኩርት፣ ቲማቲሙ በአሮጌ ሸሚዝ ቁራጭ መታሰሩን፣ የእቃ እጥበቱ ውሃ በቦይ ሄዶ ጎመኑን ማጠጣቱን አይታ «የናንተ ሰው እጁ ወርቅ ነው! ለእኔም ባገናኘሽኝ» አለች። ልጄ ከኋላ ከኋላ እየተከተለች ታየኛለች።

ሰላጣ ልቀጥፍላት ጎንበስ ስል ድምጿ ጠፋ። ቀና አልኩ። ሚስማሩ ጋ ቆማ ኮቱን ይዛለች። ለካ አላነሳሁትም! እሱስ ረስቶት ነው? ወይስ አውቆ ነው የተወው? እንጃ።

«ይሄን ቡናማ ቁልፍ እኔ ነኝ የተከልኩት» አለች። ቀጥላ ፈገግ አለች። «አሃ! ሰውዬው እናንተ ጋ ነው የሚሠራው?»

መውጫ ተከፈተልኝ። «አዎ» ብል አለቀ። ልጄ ዓይኗን አልነቀለችም።

«ባሌ ነው» አልኩ።

«ማ?»

«ኮቱን የሰጠሽው ሰው። ባሌ ነው። ሥራውን ካጣ ቆየ። የምትበይው ቆስጣ ሁሉ የሱ ነው።»

«የዚያን ቀን አላውቀውም አላልሽኝም?»

«ብያለሁ።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ምን ነበረበት? አልተቆጣችም። ኮቱን ቀስ ብላ መልሳ ሰቀለችና «እኔ እኮ አሮጌ ኮት ሰጠሁት... ባልሽን» አለች። ጆሮዋ ድረስ ቀላች። የእኔ እፍረት ለሷም ተረፈ። ሰላጣውን ረስታ ልትወጣ ስትል ልጄ ሮጣ እጇ ላይ አስያዘቻት።

የካቲት 8

ነገርኩት። ችግኝ እየኮተኮተ ነበር።

«ባሌ ነው አልኳት።»

«እና? ኮቱን መልስልኝ አለች?»

«አላለችም።»

«ጥሩ። ለጓሮ ይመቻል።»

ያበቃ መሰለኝ። ልገባ ስል፣ ዓይኑን ከአፈሩ ሳያነሳ፣ «የዚያን ቀን ቀልድ መስሎኝ ነበር። አሁን ዞራ ትስቃለች ብዬ በሩ ድረስ ቀስ እያልኩ ሄድኩ» አለኝ።

አልዞርኩም ነበር። አንዴም አልዞርኩም።

«ይቅር በለኝ» አልኩት። አለቀስኩ። እሱ ኩትኳቶውን ቀጠለ።

የካቲት 12

የሱን ሰዓት ጠብቄ ከመዝገብ ቤት ወጣሁ። ግቢው ሰው በሰው ነው። ባሌ ባልዲውን አስሞልቶ፣ ኮቱን ለብሶ እየወጣ ነው። ከሰው መሃል ሲያየኝ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ለእኔ ብሎ። ለምዶታል! እኔ ነኝ ያስለመድኩት።

«አንተ!» ብዬ ጮህኩ። «ፊትህን ወዴት ነው? ና እንጂ ሰው ተዋወቅ!»

ግቢው ሁሉ ዞረ። እሱ መጨረሻ ላይ ዞረ። «ባለቤቴ ነው» አልኳት ምግብ ሠሪዋን። «እና እስከ ዛሬ የት ደብቀሽው ነው?» ብላ ሳቀች። እሷ ለቀልድ ነው። እኔ አንገቴን ደፋሁ።

ገንዘብ ያዧ ከደረጃው ወርዳ እጇን ዘረጋችለት። እሱ እጁን ለመጥረግ ኮቱ ላይ ሁለቴ አሸት አሸት አደረገና ጨበጣት። ሦስታችንም ኮቱን አየነው። ማን ምን ይበል?

«ኪሱ ቀዳዳ ነው እኮ» አላት። «የካሮት ዘሬ በሙሉ መንገድ ላይ ፈሰሰ።»

ሳቀች። ሳቅን። ባልዲውን ነጥቄው እስከ ግቢው በር እኔ ተሸከምኩት። ይከብዳል። የሻይ ቅጠሉ ውሃ ጫማዬ ላይ ተንጠባጠበ። በሩ ጋ ስንደርስ ተቀበለኝና ሄደ። «አለቃዬ» አላለኝም።

እራት ቀይ ሥር ነበር። ሰሃኑን አቀረበ። ጠበቅኩ። አልጠየቀኝም።

«አንተ ነህ» አልኩት።

«ምኑ?»

«ይሄን ያመጣው።»

ልጃችን ሁለታችንንም አየችን። እሱ ቆየ... ቆየና ማንኪያውን አነሳ።