«እኛ ጋ የለም»

መጋቢት 4
የወጥ ቤቱ ቧንቧ ዛሬም ያንጠባጥባል። የቧንቧ ሠራተኛ ቤት! ወንድሜን ፖሊሶች በጠራራ ፀሐይ ከቧንቧ ሥራው ላይ ከወሰዱት አሥራ ዘጠኝ ቀን ሆነ።

መጋቢት 5
ጣቢያ ሄድኩ። በር ላይ ያለው ፖሊስ መዝገቡን እንኳ አልገለጠም።
«እኛ ጋ የለም። ምናልባት ኮብልሎ ይሆናል፣ እህቴ።»
ሁለት ፖሊሶች እየገፈተሩ መኪና ላይ የጫኑት ሰው ኮበለለ? ደሜ ፈላ። ግን ምን አልኩ? «እሺ» ብዬ ተመለስኩ። እኔም ሰው ተብዬ!

መጋቢት 11
ጉድ ነው! በር ላይ አዲስ ፖሊስ ቆሟል። ልማዱ የታወቀ ነው፤ ንጹህ ልብስ ከተቀበሉ ሰውየው ውስጥ አለ። በየቀኑ ይዤው የምመለሰውን የልብስ ፌስታል ተቀበለኝ። ስም ጠየቀ፣ ገባ፣ የቆሸሸውን ይዞ ወጣ።
የወንድሜ ሸሚዝ... ኮሌታው ጠቁሯል፣ ላቡ ይሸታል። አለ! መንገድ ላይ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።
ለያዝነው ጠበቃ ደወልኩ። «እንዳትነኩት። ነገ እንዳለ አምጪልኝ» አለኝ።

መጋቢት 12
እማዬ አጠበችው።
ጠዋት ስነሳ ገመድ ላይ ተሰጥቷል። «ልጄ ሲመጣ ምን ይልበስ?» አለችኝ። ጮህኩባት። እንደዛ ጮኼባት አላውቅም። ማስረጃ መሆኑን መች ነገርኳት? ለጠበቃው ስደውልለት «ይሁን፣ አምጪው» ብቻ አለኝ... ቢሰድበኝ ይሻል ነበር።

መጋቢት 13
አዲሱ ፖሊስ በር ላይ የለም። ብጠይቅ «የትኛው ፖሊስ?» አሉኝ። እሱም እነሱ ጋ የለም ማለት ነው።
እማዬ አኩርፋኛለች።

መጋቢት 20
ፍርድ ቤት ዋልን። ጠበቃው አስረዳ፤ መንግሥት ሰው ይዞ «አልያዝኩም» ካለ አስገድዶ መሰወር ነው፣ በዓለም አቀፍ ሕግ የተከለከለ፣ የት እንዳለ እስኪታወቅ ድረስ በየቀኑ የሚቀጥል ወንጀል።
የጣቢያው ኢንስፔክተር ደረቱን ነፍቶ «እኛ ጋ የለም» አለ። ሸሚዙን ሲያሳዩት ሳቀ። «ይሄ እኮ ታጥቦ የተተኮሰ ነው!»
መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። እማዬ ግን ሳትጠየቅ ብድግ አለች።
«እሺ የለም። ታዲያ ልጄ ያመጣችውን ንጹህ ልብስ የት አደረሳችሁት? መልሱልኝ!»
«እማማ፣ እኛ ሌቦች አይደለንም!» አለ ኢንስፔክተሩ ተቆጥቶ። «ልብሱ ተሰጥቶታል።»

«ለማን?» አለች ዳኛዋ።
ሐሙስ ይዛችሁት ቅረቡ ተባሉ። ያመጡት ይሆን? አላምናቸውም። ግን ከእንግዲህ «እኛ ጋ የለም» ሊሉኝ አይችሉም።