ያልተፈታው የጫማ ማሰሪያ

ውድ ፌንጣ፣

ከመጥረጊያ እንጨት የሠራሁልሽን ከዘራ ልጅሽ ትናንት አምጥቶ የቤቴ በር ላይ አስደገፈው። “እትዬ፣ እማዬ ከእንግዲህ ዳገት አትወጣም። እርስዎም ቢያርፉ ይሻላል” አለኝ። ፋርማሲስት ስለሆነ መሰለኝ ንግግሩም የመድኃኒት ማዘዣ ነው፤ ዕረፍት በቀን ሦስት ጊዜ፣ ከምግብ በኋላ። ሽንት ጨርቁን የቀየርኩለትን ሴትዮ! “እሺ ልጄ” ብዬ ሸኘሁት። እሺ ያልኩት ግን እሱን ነው፣ አንቺን አይደለም። ስልክ ብደውልልሽ “ደህና ነኝ” ብለሽ ስለምትዘጊብኝ ይኸው ጻፍኩልሽ። ከዘራውን አልቀበልም።

ያኔ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ሳለን እኔ ቀኑን ሙሉ መኪናዬ ላይ ተጎልቼ፣ አንቺ ተቆጣጣሪ ሆነሽ በመስመሮቹ መሃል እየተንጎራደድሽ የኔን ስፌት ስትተረትሪ እንውልና፣ እሁድ ሲመጣ ኮረብታውን እንወጣ ነበር። አንቺ ፌንጣ ከፊት፣ እኔ ቀንድ አውጣ ከኋላ። “ደከመኝ” ማለት ነውር ነበር። የደከመው ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ ያስራል፤ ሌላው ዞር ብሎ ቁልቁል ከተማውን ያያል። ይህን መቼ እንደተስማማን እንኳ አላስታውስም። እኔ በአንድ ዳገት አራት ጊዜ አስር ነበር፤ አንቺ አንድም ቀን “ምን ዓይነት ማሰሪያ ነው?” ብለሽኝ አታውቂም።

ከዚያ ልጆች መጡ፣ ጉልበት አስቸገረ፣ ኮረብታው ቀረ፣ ሃያ ስድስት ዓመት እንደ ቀልድ አለፈ። ጡረታ ወጥቼ ቤት ስውል መጥተሽ “ተነሺ፣ ይሄ ወንበር ሊውጥሽ ነው” ያልሽኝ አንቺ ነሽ። በመጀመሪያው እሁድ ውሃ ታንከሩ ድረስ ደረስን። በሁለተኛው ትልቁን ድንጋይ ነካን። አንዱ መንገደኛ “እማማ፣ ምን ጠፍቶባችሁ ነው እዚህ?” ሲለን “ሃያ ስድስት ዓመት!” ብለሽ መለስሽለት። ሰውዬው ግራ ገብቶት ሲሄድ እስክንፈርስ ሳቅን።

ሦስተኛውን እሁድ ግን ልናዘዝልሽ። ከድንጋዩ በላይ ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ይመታ ነበር። ጎንበስ እንዳልል ወገቤ አልታዘዝ አለኝ፤ ደከመኝ እንዳልል አፌ። ዞር ብለሽ አየሽኝ። “ቆይ፣ ማሰሪያዬ ተፈታ” ብለሽ ከዘራሽን አስቀመጥሽና ጎነበስሽ።

ማሰሪያሽ አልተፈታም ነበር፣ ፌንጣ። አይቼዋለሁ። ድርብ ቋጠሮ ነበረው። ለኔ ብለሽ ጎነበስሽ፣ ራስሽ ዞረ፣ በእጅሽ ላይ ወደቅሽ፣ አንጓሽ ተሰበረ። ልጆችሽ ጫማውን ረገሙ፤ ከዚያ ዕድሜሽን ረገሙ። እኔ አልጋሽ አጠገብ ቆሜ ዝም አልኩ። አንቺም እያወቅሽ ዝም አልሽ። ስድስት ሳምንት ሙሉ አፍሬ ነበር፣ አሁንም አፍራለሁ።

አሁን “አርጅተሻል” ሲሉሽ አመንሻቸው። እንዳታምኚ! አንቺን የጣለሽ የኔ ኩራት ነው። ጀሶውን ሲያወልቁልሽ አብሬሽ ነበርኩ፤ ሐኪሙ “እግርዎ ደህና ነው” ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ዳገት በእጅ ነው እንዴ የሚወጣው? ልጅሽ ይቆጣ፤ ሲበርድለት ይተወዋል። የኔዋም ልጅ “ይሄ ነገር በዚህ ዕድሜ ደግ አይደለም” ብላ ጫማዬን ደብቃው ነበር፤ አልጋዋ ሥር አገኘሁት። ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ተራዬን አልጠብቅም። አንቺንም አላስጠብቅሽም።

እሁድ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከዘራሽን ይዤ ደጅሽ እቆማለሁ። ልጅሽ በሩን ከከፈተ ይህን ደብዳቤ አንብቢለት፤ ማን እንደጣለሽ ይወቅ። ውሃ ታንከሩ ጋ እንኳ ሳንደርስ፣ መንገደኛው ሁሉ እየሰማ፣ “ደከመኝ!” ብዬ እጮሃለሁ። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ያን ጊዜ እንዳትጎነብሺ። ቆመሽ ጠብቂኝ።

ቀንድ አውጣሽ