እህቴን የመዘንኩበት ቅጽ

ጥቅምት 3

አዲስ ደብተር። መጀመሪያ መነሻውን ላስቀምጥ፣ በኋላ ራሴው እንዳልምታታ። ጡረታ ከወጣሁ ስድስት ዓመቴ ነው። ማሠልጠኛ ማዕከሉ የጠራኝ ለማስተማር አይደለም። የቧንቧ ሥራ፣ የሕሙማን እንክብካቤና የልብስ ስፌት ሥልጠናዎችን ዕቅድ እንዳይ፣ የማይሆነውን እንዳስተካክል፣ በመጨረሻም እንድመዝን ነው። የስፌቷ አሠልጣኝ ታናሽ እህቴ ናት። የምንኖረውም አብረን ነው፤ አንድ ቤት፣ ሁለት መኝታ ክፍል።

ይህን ለማዕከሉ ኃላፊ ነገርኳት። ድሮ ሰባተኛ ክፍል አስተምሬያታለሁ። ሳቀች።

"ቲቸር፣ እርስዎ ለወለደችዎት እናትም አያዳሉ!"

ደስ አለኝ። መደሰቴም ይጻፍ።

ጥቅምት 5

ቅጹን ሠርቼ ጨረስኩ። ሃያ አምስት ጥያቄ፣ እያንዳንዱ ሁለት ነጥብ። ከላይ ደንቡን በቀይ ጻፍኩ፦ የታየው ብቻ ይመዘገባል፣ ግምት አይገባም። ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራሁበት ደንብ ነው።

ቁርስ ላይ እህቴ፦

"እትዬ፣ የእኔን ክፍል ዝለይው።"

"ለምን?"

"እንዲሁ። እቤት አይተሽኝ አልጠገብሽም?"

"ሥራ ነው እኮ።"

"እሺ… ሥራ ከሆነ ጠዋት ግቢ። ከሰዓት አትምጪ።"

ኩራቷ ነው አልኩ። ሃያ ሁለት ዓመት ያሠለጠነች ሰው መታየት አትወድም።

ጥቅምት 9

ቧንቧ ክፍል። አሠልጣኙን "ብሎን" ይሉታል፤ ጠብቆ የታሰረ ሰውዬ ነው። ዕቅዱ በወረቀት ያማረ፣ የአሥራ ሁለት ሳምንት። ግን ዕቃው አልመጣም። አንዲቷን ቧንቧ እየቆረጡ፣ እየቀጠሉ፣ እየቆረጡ…

"ይቺ ስትገባ ሁለት ሜትር ነበረች" አለኝ አንድ ሠልጣኝ። "አሁን ስንዝር ሆናለች። በሚቀጥለው ሳምንት ቀለበት አድርገን እናጠልቃታለን።"

ግቢውን ዞርኩ። የሚያንጠባጥቡ አሥራ አራት ቧንቧዎች ቆጠርኩ። ዕቅዱን ገለበጥነው፤ ጥገና አስቀድሞ፣ ዝርጋታ ዕቃ ሲመጣ። ብሎን ራሱን አከከ። "ግቢው ራሱ ክፍል ነው ለካ! ስንት ወር ረግጬው ሳልፍ…"

ከእግር ሥር ያለ ነገር አይታይም። እንዲህ ብዬ ስመክረው ደግሞ እንዴት እንደኮራሁ።

ጥቅምት 12

እንክብካቤ ክፍል። በሽተኛ ማንሳትን እርስ በርሳቸው ይለማመዳሉ። ሁሉም ቀጫጭን፣ ሁሉም ሲነሱ ራሳቸው ይተባበራሉ። እውነተኛ በሽተኛ አይተባበርም። ዘበኛውን አስጠራሁት፤ መቶ ኪሎ ይሆናል። "ልቀቀው ገላህን፣ ምንም አትርዳቸው" አልኩት። አልጋው ላይ ተጋደመ። ሦስት ሆነው ሲታገሉ ሰውየው የምሩን አንቀላፋ! አኮራፋም።

እቤት ገብቼ ለእህቴ ስነግራት እስክታነባ ሳቀች። እየሳቀች ብርጭቆዋን ከጠረጴዛው ጠርዝ አሳልፋ አስቀመጠችው። ተሰበረ።

"እጄ ሰንፏል" አለች። ጠረግኩት።

ጥቅምት 16

ስፌት ክፍል የገባሁት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ጠዋት ግቢ ያለችኝን አውቄ ተውኩት። ተመዛኝ የመረጠው ሰዓት ምዘና አይሆንም። ደግሞ ሥጋ ዘመዴ ናት፤ ለሌላው የማላደርገውን ለእሷ ባደርግ ምን እባላለሁ?

አሥራ ሁለት ሠልጣኞች፣ ዘጠኝ የሚሠራ መኪና። የዕለቱ ሥራ የሸሚዝ ኮሌታ። ከቅጹ እንዳለ ልገልብጥ፦

አሠልጣኟ የተጻፈ ዕቅድ የላትም። በአርባ ደቂቃ ውስጥ የማንንም ሥራ አንስታ አልተመለከተችም፤ ጨርቁን በሁለት ጣቶቿ መሐል አሳልፋ "እዚህ ጋ አኩርፏል፣ ፍቺው" ትላለች። መርፌዋ ላይ ክር የሚያስገቡላት ሠልጣኞች ናቸው። ሠልጣኝ እጅ ስታወጣ አሠልጣኟ ዝም ትላለች፤ የምትዞረው ድምፅ ስትሰማ ብቻ ነው። ጥቁር ክር ጠይቃ ሰማያዊ ቢሰጧት ሳትመልስ ሰፋችበት።

"አኩርፏል" የምትለው ስፌቱ ተጨማዶ ሲሄድ ነው። ክፍሉ ሁሉ ይዞታል። "ራዲዮ" የሚሏት ወሬኛ ሠልጣኝ ለጎረቤቷ፦ "የአንቺ ኮሌታ እንደ አማትሽ ነው ያኮረፈው፣ ማስታረቂያም የለው!" ሳቁ። እህቴም አብራ ሳቀች። "የክፍል ሥርዓት የላላ ነው" ብዬ መዘገብኩ።

ድምር፦ ሃያ አንድ ከሃምሳ።

ጥቅምት 17

ቅጹን አስገባሁ። ለእሷ አልነገርኳትም። ቀድሞ መንገር አድልዎ ነው።

ጥቅምት 20

ኃላፊዋ ጠራችኝ። ቅጹ ጠረጴዛዋ ላይ ነበር፣ በእርሳስ አራት ቦታ ተሰምሮበት።

"ቲቸር፣ እነዚህን አራቱን አንድ ላይ አንብበዋቸዋል?"

"እኔ አይደለሁ የጻፍኳቸው?"

"መጻፉንማ ጽፈዋል። አንድ ላይ ነው ያልኩት።"

አነበብኩ። ጨርቁን አላነሳችም። መርፌ ያስገቡላታል። እጅ ሲወጣ አታይም። ጥቁርና ሰማያዊ…

አራቱን እንደገና አነበብኩ።

"እኔ እኮ ዐይናቸውን አሟቸው ይሆን ብዬ ነው" አለች ቀስ ብላ። "እርስዎ ደግሞ አብረው ነው የሚኖሩት…"

ቅጹን መልሺልኝ አልኳት። ማኅተም አርፎበታል። ቅጂው ለቦርዱ ሄዷል።

ጥቅምት 21

ጠዋት፣ ሻይ ሳይቀርብ።

"ስንት ጊዜ ሆነሽ?"

"ምኑ?"

"ዐይንሽ።"

ማንኪያውን አስተካክላ አስቀመጠች፣ እንደገና አስተካከለች።

"ሁለት ዓመት አለፈው። ከዳር እየጠበበ መጣ። አሁን በቁልፍ ቀዳዳ እንደማየት ነው። ጠዋት ፀሐይ በመስኮቱ ስትገባ ይሻለኛል።"

ጠዋት ግቢ ያለችኝ ለዚህ ኖሯል።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ለአንቺ? ቅጽ ልታወጪልኝ?" ፈገግ ልትል ሞከረች፣ አልሆነላትም። "እትዬ፣ ዝለይው ብዬሽ ነበር። የእናት ልጅ ከዚህ በላይ እንዴት ይለመናል?"

ሻዩን ቀድቼ ፊቷ አስቀመጥኩ።

ቀኑን ሙሉ ወደ ኋላ ስቆጥር ዋልኩ። ብርጭቆው። ጋዜጣ "አንቺ አንብቢልኝ፣ ድምፅሽ ደስ ይለኛል" ማለት ከጀመረች ስንት ጊዜ ሆነ? ውሃ ስትቀዳ ጣቷን ከኩባያው አፍ ላይ ማድረጓ… "ንጽሕና ነው?" ብዬ የተቆጣኋት እኔ!

ጥቅምት 24

ዐይን ሐኪም ዘንድ ሄድን። የዐይን ግፊት ነው፣ ነርቩን በልቶታል። የሄደው አይመለስም፤ ጠብታው የቀረውን ያቆይ ይሆናል።

"ዘግይታችኋል" አለ ሐኪሙ። ከዚያ ካርዷን እያየ፦ "አብሯት የሚኖር ሰው የለም?"

"አለሁ" አልኩ።

ጥቅምት 28

ደብዳቤው መጣ። ሥራው የመኪናና የመቀስ ስለሆነ፣ ለደኅንነት ሲባል፣ "በምዘናው ውጤትም መሠረት" ከክፍሉ ተነስታለች። ፊደሉ ደቃቃ ነው። ማን ያንብብላት? እኔው አነበብኩላት። በገዛ ድምፄ።

"ከታች ማነው የፈረመው?"

"ኃላፊዋ።"

"አባሪው ላይስ?"

"…እኔ።"

እንደገና እጽፋለሁ፣ ሌላ ምዘና አቀርባለሁ፣ ሰው ይሳሳታል… ብዙ አወራሁ። አስጨረሰችኝ።

"ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ" አለች። "ሞኟ እኔ፣ ወረቀቷ አንቺ። ሁለታችንም ይዘን ቀረን።"

ስትቀልድ ነው የበለጠ የሚያመኝ።

ጥቅምት 30

ወንድማችን መጥቶ ወሰዳት፣ እሱ ወዳለበት ከተማ። "አየር ትለውጥ፣ ጥቂት ቀን ነው" አለኝ እያቀፈኝ። ጥቂት ቀን የምትሄድ ሰው የክረምትና የበጋ ልብሷን አትይዝም። መቀሷን በፎጣ ጠቅልላ ያዘች። እኔን ስትስመኝ ጉንጬን ስታ ጆሮዬን ሳመችው። አውቃ ይሁን አላውቅም።

ኅዳር 4

ቤቱ ሰፋ።

ኅዳር 11

አዲሷን የስፌት አሠልጣኝ መዘንኩ። ወጣት ናት፣ ትጉህ፣ ዕቅዷ በሰንጠረዥ ተሠርቷል። አርባ ስድስት ከሃምሳ። ምንም የሚነቀፍ የላትም። ስወጣ ራዲዮ ደረጃው ላይ ተከተለችኝ።

"ቲቸር፣ እታለም አይመለሱም?" እህቴን "እታለም" ነው የሚሏት።

"አዲሷ አልተመቸችሽም?"

"ጎበዝ ናት፣ ይጻፉላት። ግን በፊት ኮሌታችን ማኩረፉን እጃችን ነበር የሚነግረን። አሁን የምናውቀው ሰው ለብሶት ሲስቁበት ነው።"

"እሷ ምን አድርጉ ነበር የምትላችሁ?"

"ዐይን ጨፍኑና ዳስሱ። ዐይን ያባብላል፣ ጣት አይዋሽም ይሉን ነበር።" ወሬኛዋ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ማየት እንደማይችሉ እኛ እናውቅ ነበር። ተራ ይዘን ነበር ክር የምናስገባላቸው።"

አሥራ ሁለት ልጆች ያውቃሉ። እኔ በር ለበር ተኝቼ…

ኅዳር 15

ስሜት መረጃ አይደለም። ስለዚህ ተረካቢ የመለሰው ሥራ የሚጻፍበትን መዝገብ አስወጥቼ ቆጠርኩ። በእህቴ ጊዜ ከአሥራ ሁለት ኮሌታ ተፈትቶ እንዲሰፋ የተመለሰው ሁለት። ባለፈው ሳምንት ከአሥራ ሁለት እጅጌ ሰባት። እጅጌ ከኮሌታ ይቀላል፤ ቁጥሩ መቀነስ ነበረበት። አንድ ሳምንት አይበቃም፣ አውቃለሁ፤ አዲሷም ገና ናት። ቢሆንም ቅጼን ከላይ እስከ ታች ፈለግኩት። ሠልጣኟ ማንም ሳይነግራት ስሕተቷን ታገኛለች ወይ? የሚል ጥያቄ የለበትም። ሃያ አምስት ጥያቄ አውጥቼ ይህን አልጠየቅኩም። ሁሉም ጥያቄ ስለ አሠልጣኟ ነበር።

ኅዳር 18

አዲስ ዕቅድ ይዤ ኃላፊዋ ዘንድ ቀረብኩ። ቆረጣና መኪና ለአዲሷ። የእጅ ማጠናቀቂያና ሥራን በዳሰሳ መፈተሽ ለእህቴ፣ በሳምንት ሁለት ጠዋት፣ በመስኮቱ በኩል። ሁለቱን ቁጥሮች አያያዝኩ። የእኔ ምዘና የተሳሳተበትንም ቦታ በተራ ቁጥር ዘርዝሬ ፈረምኩበት። በሕይወቴ የጻፍኩት ረጅሙ እርማት ነው።

አንብባ ጨረሰች።

"ቦርዱን አሳምናለሁ። ግን እሳቸው ራሳቸው እሺ ማለት አለባቸው፣ እስከ ኅዳር ሠላሳ። ካለፈ ቦታው ይታጠፋል።" ብዕሯን ከደነችው። "እና ቲቸር… ይቅርታ ያድርጉልኝ። ያንን ክፍል ከእንግዲህ እርስዎ አይመዝኑትም።"

"ትክክል ነው" አልኩ። ተማሪዬ ናት፤ በደንብ ነው ያስተማርኳት።

ኅዳር 20

ደወልኩ። ወንድማችን አነሳው።

"አገናኘኝ።"

"እ… እስቲ ቆይ።" ከጀርባ የእሷ ድምፅ መጣ፣ ጥርት ብሎ፦ "ተኝታለች በላት።"

"ተኝታለች" አለኝ፣ ምስኪን።

"ስትነሳ ንገራት" አልኩ። የሚነግራት ምን እንደሆነ ግን መናገር አቃተኝ። እሱም አልጠየቀኝ።

ኅዳር 22

ደብዳቤ እንጂ ስልክ አይሆንም። ግን ማን ያነብላታል? ወንድማችን? ወይስ ልጁ? ይህ በሌላ ሰው አፍ የሚነገር ነገር አይደለም። ራሷ ማንበብ አለባት።

ስለዚህ እንደ ሥልጠና አሰብኩት። ተማሪዋ የምታየው በጠባብ ቀዳዳ ነው። ወረቀት ጠቅልዬ ቱቦ ሠራሁ፣ በአንድ ዐይኔ በዚያ ውስጥ የራሴን ጽሕፈት አየሁ። ምንም። ወፍራም ጥቁር ማርከር ገዛሁ። መጀመሪያ ፊደሉን በጣም አገዘፍኩት፤ በቀዳዳው ሙሉው ፊደል አልገባ አለ፣ እግሩን ሳይ ራሱ ይጠፋል። መካከለኛ አደረግኩት። በፊደልና በፊደል መሐል ሰፊ ክፍተት። መስኮት ሥር፣ በጠዋት፣ በቱቦው ፈተንኩት። ተነበበ።

ግን በዚህ ልክ አንድ ገጽ ከአራት አምስት ቃል በላይ አይችልም። የጻፍኩት ረቂቅ መጽሐፍ ሊሆን ነው። ምክንያቴን ሰረዝኩ። ቁጥሮቹን ሰረዝኩ። "ታስታውሻለሽ" የሚለውን ሁሉ ሰረዝኩ። "ሥጋ ዘመዴ ስለሆንሽ ነው" የሚለውን ስሰርዝ ቀለሙ ወረቀቱን በሳው።

ኅዳር 23

ዛሬ ፖስታ ቤት ሰጠሁት። ሳይታጠፍ፣ በካርቶን መሐል። ዘጠኝ ወረቀት፣ ገጹ በቅደም ተከተል ተቆጥሮ። ቅጂ የለኝም፤ እዚህ ላስቀምጠው፦

እህቴ፣ ይህን ራስሽ አንብቢው።

እጅሽን አየሁ፤ አንቺን አላየሁም።

ስትለምኚኝ መስማት ነበረብኝ።

ጥፋቱ የቅጹ አይደለም፤ የእኔ ነው።

ክፍልሽ በሳምንት ሁለት ጠዋት ይጠብቅሻል።

ልጆቹ ጣትሽን ነው የሚፈልጉት።

እኔ እዚያ አልገባም፤ አልመዝንም።

ቀኑ እስከ ኅዳር ሠላሳ ነው።

እምቢም ቢሆን፣ እባክሽ ቶሎ መልሺልኝ።